ስለቴ ሁሉ ሰመረ፤ ታዲያ ይህ ጥም ከየት መጣ?

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ ነው። 36 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ገንደ ቆሬ ነው። ሥራዬ ትራንዚተር ነው፤ ከጅቡቲ የሚገባ ዕቃ አስፈታለሁ። ትዳር አለኝ፣ አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፣ ሳቢያን የራሴ ቤት አለኝ። ይህን ሁሉ ያገኘሁት ቁልቢ ገብርኤል ተስዬ ነው። የሥራ ፈቃዱ እንዲወጣልኝ ተሳልኩ፣ ተሰጠኝ። ልጅ ዘገየብን፣ ተሳልኩ፣ ተሰጠኝ። ስለቴን አስቀርቼ አላውቅም። ባለፈው ታኅሣሥ ግን ደንገጎን ወጥቼ፣ ቁልቢ ደርሼ፣ ሕዝቡ መሀል ቆሜ የምለምነው ነገር አጣሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንባዬ መጣ። ከዚያ ወዲህ ውስጤ ደርቋል። ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር በርጫ አለን፤ ስመረቅን ሁሉ ነገር ሙሉ ይመስለኛል፣ ማታ ላይ ይብሳል። ጠዋት የቤተ ክርስቲያን በር ስሜ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ከልጅነቴ በኋላ ግን ቆርቤ አላውቅም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጴንጤ ነው፤ ‹እኛ ጋ ና፣ ትረካለህ› ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ሙስሊም ነው፤ አዛን ሲል ሱቁን ጥሎ ይሄዳል፣ ሲመለስ ፊቱ ላይ ዕረፍት አለ። አቦ እውነቴን ነው፣ እቀናበታለሁ። ባለቤቴ ይህን ሁሉ አታውቅም። እግዚአብሔር ሁሉን ሰጥቶኝ እንዲህ መሆኔ ምስጋና ቢስነት ነው? ምን ሆኜ ነው?»

የጠማው፣ ከድሬዳዋ

ወንድሜ፣ በድሬ ወግ አንተ ልበልህ።

የመጨረሻ ጥያቄህን ላስቀድም። ምስጋና ቢስ አይደለህም። ምስጋና ቢስ ሰው የተደረገለትን አይቆጥርም፤ አንተ ግን ፈቃዱን፣ ልጅህን፣ ቤትህን አንድ በአንድ ጠርተህ «ተሰጠኝ» ብለሃል። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ከእግዚአብሔር ብዙ ነገር ጠይቀሃል፣ እሱን ራሱን ግን ጠይቀህ አታውቅም። የጉዳዩ ዝርዝር ሲያልቅ ባዶ እጅህን ፊቱ ቆምክ፣ ምን እንደምትለውም ጠፋህ።

ሲቸግረው ብቻ የሚደውል ዘመድ ሁላችንም አለን። እንወደዋለን፣ ያለንን እንሰጠዋለን፣ እሱም ከልቡ ያመሰግናል። አንድ ቀን ምንም ሳይቸግረው ቤታችን ቢመጣ ግን ከሰላምታ በኋላ ወሬ ያጥረናል። ስንት ዓመት ተገናኝተን አልተዋወቅንማ! አንተም ቁልቢ ላይ የደረሰብህ ይህ ይመስለኛል። እና ያ ቀን መጥፎ ቀን አልነበረም፤ ምናልባት በሕይወትህ ካለፉት ቀናት ሁሉ በላይ ወደ እግዚአብሔር የቀረብክበት ቀን ነበር። እንባው የመጣው ለዚያ ይሆናል።

ስለት መጥፎ ነው እያልኩህ አይደለም፣ እንዳትሳሳት። ሐናም ልጅ አጥታ ተስላለች፣ ሳሙኤልንም አግኝታለች። ግን የሐናን ታሪክ ስታነብ አንድ ነገር ልብ በል፤ ልጁን ካገኘች በኋላ ጡት እስኪተው ጠብቃ መልሳ ለእግዚአብሔር ሰጠችው፣ ከዚያም ባዶ እጇን ሆና ነው ያን ሁሉ የምስጋና ጸሎት የጸለየችው። ስጦታው ከእጇ ወጥቶ ደስታዋ አልወጣም። ደስታዋ ከሰጪው ጋር ነበር።

አሁን ወደ ራስህ በዓል ልመልስህ። ታኅሣሥ 19 ምን የሆነበት ቀን ነው? «ገብርኤል ነው» ትለኛለህ፣ ልክ ነህ። ታሪኩን ግን ጧፍና ጥላ ይዘን ስንጋፋ አንዳንዴ እንረሳዋለን። ናቡከደነፆር ቁመቱ 60 ክንድ የሆነ የወርቅ ምስል አቁሞ «ስገዱ» አለ። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል አንሰግድም አሉ። እሳቱ ተዘጋጅቶ ሲጠብቃቸው ለንጉሡ የሰጡትን መልስ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ላይ ታገኘዋለህ። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ። ቀጥለው ደግሞ ባያድነን እንኳ ለምስልህ አንሰግድም አሉ።

እዚህ «ባያድነን እንኳ» የሚለው ላይ ትንሽ ቁም። ሦስቱ ልጆች አልተሳሉም። «ከእሳቱ ብታወጣን ይህን እናመጣለን» አላሉም። መዳኑን ይፈልጉታል፣ ማን በእሳት መቃጠል ይወዳል? ግን ከመዳኑ በፊት እግዚአብሔርን ፈልገውታል፤ ቢያወጣቸውም ባያወጣቸውም የእሱ ናቸው። መልአኩም የመጣው እሳቱ ውስጥ ሳሉ ነው። እንግዲህ ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ ያሠሩት፣ የሀገሩ ሰው ሁሉ በእግሩም በመኪናውም የሚተምበት ያ ደብር በየዓመቱ የሚያከብረው የእነዚህን ልጆች ታሪክ ነው። አንተ የሄድከው የምትፈልገው እንዲሰጥህ ነበር፤ በዓሉ ግን ባይሰጣቸውም ንቅንቅ የማይሉ ሰዎች በዓል ነው። የጠማህ ያ «ባያድነን እንኳ» የሚያሰኝ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

እሺ፣ የት ይገኛል? የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4ን አውጣና አንብብ። የሳምራዊቷን ሴት ታሪክ ታውቀዋለህ፣ የድሬ ሰው ሆኖ ያነበበው ግን ከሌላው በተለየ ይገባዋል። ወንጌሉ «ስድስት ሰዓት ያህል ነበረ» ይላል። ድሬዳዋ ላይ በስድስት ሰዓት እንስራ ተሸክሞ ውሃ ሊቀዳ የሚወጣ ማን ነው? ማንም! ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ውሻው እንኳ ጥላ ይፈልጋል። ውሃ የሚቀዳው በጠዋት ወይም ፀሐይ ሲበርድ ነው። ያቺ ሴት በዚያ ሰዓት የወጣችው ሰው እንዳያያት ነው የሚሉ አሉ። አምስት ባሎች ነበሯት፣ አሁን አብሯት ያለውም ባሏ አይደለም። የሰፈሩን ምላስ አስበው።

ጌታም በዚያ ፀሐይ ደክሞት ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጧል። መጀመሪያ ያላት «ውሃ አጠጪኝ» ነው። የለመናት እሱ ነው። ሕያው ውሃ እንዳለው የነገራት ከዚያ በኋላ ነው። እሷስ ምን አለች? ይህን ውሃ ስጠኝ፣ ሁለተኛ እዚህ ድረስ እየመጣሁ እንዳልቀዳ። አየህ፣ የእሷም የመጀመሪያ ጸሎት ያው የእኔና የአንተ ጸሎት ነው፤ ድካሜን ቀንስልኝ፣ ኑሮዬን አቅልልልኝ። አልተቆጣትም። ግን ውሃውን ከመስጠቱ በፊት «ሄደሽ ባልሽን ጥሪ» አላት። የሸሸገችውን ነገር ነካው። ስትዋሽ አይደለም ውሃውን ያገኘችው፣ እውነቷ ሲወጣ ነው። መጨረሻ ላይ እንስራዋን እዚያው ጥላ፣ ስትሸሻቸው ወደነበሩት የከተማው ሰዎች ሮጠች።

እና ወንድሜ፣ ጥምህን የሚቆርጠው አንድ ተጨማሪ ስጦታ አይደለም፣ አንድ አካል ነው። እሱ ደግሞ ከአንተ በፊት የተጠማ ነው። እዚያ ጉድጓድ ላይ «አጠጪኝ» ያለው በመስቀሉም ላይ «ተጠማሁ» ብሏል። አንተ ብቻህን እየፈለግከው እንዳይመስልህ፤ እየተፈለግክ ነው።

እዚህ ላይ ስለ በርጫው ሳላነሳ ባልፍ እውነተኛ አልሆንም። በድሬ መቃም ምን እንደሆነ ለማንም አላስረዳም፤ ወዳጅነት ነው፣ ወሬ ነው፣ ከሙቀቱ መሸሻ ነው። ግን አንተው ራስህ ጽፈኸዋል፤ ስትመረቅን ሙሉ ትሆናለህ፣ ማታ ይብስብሃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር አነቃቂ ነው፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ስለሚደክም ነው ከአወዳይ ትኩስ ትኩሱ በሩጫ የሚመጣው። ሲገባ ያነሳሃል፣ ሲወጣ ደግሞ ከነበርክበት ዝቅ አድርጎ ይጥልሃል፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሆድ ያስብሳል። ስለዚህ የማታው ድርቀት ሁሉ የነፍስ ጥም ነው ብለህ አትደምድም፤ ከፊሉ ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው ድብርት ነው። ሁለቱ ተደባልቀውብሃል። በርጫው ካልተነሳ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አትችልም።

እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ፣ ምግብ አልበላ ካለህ፣ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ አንድ ቀን አትዘግይ፣ ድል ጮራ ሆስፒታል ሄደህ ሐኪም አነጋግር። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም። ሐኪም ዘንድ መሄድ የእምነት ማነስ ነው የሚልህን አትስማው።

ጫት ለማቆም ግን አትሳል! ይህን አጥብቄ ነው የምልህ። አውቅሃለሁ፣ ይህንንም ስለት ልታደርገው ትችላለህ፤ «ካስተውከኝ ይህን አገባለሁ» ብለህ። የለመድከው መንገድ ስለሆነ ቀላል ነው። ለአሁኑ ረቡዕና ዓርብን ብቻ ያዝ። ሁለቱም የጾም ቀን ናቸው፣ ጾሙም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በእነዚያ ቀናት ወደ በርጫው አትሂድ፣ ቤትህ ግባ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ጌታ በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠበት ሰዓት ነው። ስልክህን ሌላ ክፍል ተውና ከመብላትህ በፊት ቁም፣ አማትብ፣ አቡነ ዘበሰማያት በል፣ ከዚያ መዝሙረ ዳዊትን ክፈትና «ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ እንደሚናፍቅ» የሚለውን አንብብ። ዳዊቱ ላይ 41ኛው ነው፤ አንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 42 ይለዋል። እንባው ምግብ የሆነበት ሰው የጸለየው ነው። ነፍሱን «ለምን ታዝኛለሽ?» ብሎ ሲጠይቃት ታገኘዋለህ፤ የአንተው ጥያቄ ነው፣ ካንተ በፊት ሌላ ሰው ጠይቆታል። ሲያልቅ ምንም አትለምን። እንደመጣልህ አናግረው። «ምን እንደምልህ አላውቅም» ብትለውም ጸሎት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቅህ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ላይሰማህ ይችላል። ትደብራለህ፣ ጓደኞችህ ይደውላሉ፣ ሰዓቱ አልሄድ ይላል። እርካታን እንደ ምርቃና አትጠብቀው፤ በሰዓት ውስጥ ገብቶ በሰዓት ውስጥ የሚወጣ ነገር አይደለም። ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፣ ብዙ ጊዜም አንተ ሳታውቀው ነው። አንድ ቀን ደንበኛ ሲጮህብህ እንደ ድሮው እንዳልተናደድክ ታያለህ፣ ወይም ልጅህ እንቅልፏ ሲመጣ አጠገቧ ቁጭ ብለህ ሌላ የትም ቦታ መሆን እንዳላማረህ ታስተውላለህ።

ስለ ጎረቤትህ ቅናት። ቅናቱ መልካም ነው፣ አትፈርበት። ሰውየው አዛን ሲሰማ ሱቁን የሚተወው ስለተመቸው አይደለም፤ ገበያ ሞቆ እያለም ይሄዳል። ቀኑን የሚከፋፍልለት ገበያው ሳይሆን ጸሎቱ ነው። የእኛም ቤተ ክርስቲያን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜ አላት፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። የጣልነው እኛ ነን። የዘጠኝ ሰዓቱ ያ ተሰዓት የሚባለው ነው፣ ስለዚህ አዲስ ነገር አላዘዝኩህም።

ስለ ባልደረባህ። ከልቡ ነው የሚጠራህ፣ አትናቀው፣ አትጣላውም። ክርስቶስን ከልባቸው የሚፈልጉ ሰዎች እነሱ ዘንድ እንዳሉ አልጠራጠርም፤ ቁጭ ብለህ «አንተ ስትጸልይ ምን ትላለህ?» ብለህ ብትጠይቀው አንድ ነገር ትማራለህ። ግን «ትረካለህ» ስላለህ ብቻ ቤት አትቀይር። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ሐሳቤን አልደብቅህም። አንተ ያደግክበትን ቤት ቀምሰህ አልጠገብክም እንዳልል፣ አልቀመስከውም። ለዓመታት በሩን ስመህ ነው የሄድከው። በር መሳም ትልቅ ነገር ነው፣ አያቶቻችን ያወረሱን ነው፤ ማዕዱ የሚቀርበው ግን ውስጥ ነው።

የብዙዎቻችን ታሪክ ነው ይሄ። በሕፃንነታችን እናታችን አዝላ ትወስደናለች፣ እንቆርባለን። ከፍ ስንል፣ ኃጢአት ምን እንደሆነ ስናውቅ «አልበቃሁም» ብለን እንቆማለን። ከዚያ ሽማግሌ እስክንሆን መሀል ያለውን ዕድሜ ሙሉ ውጭ ነን፤ ቅዳሴው ሲጀመር ዛፍ ሥር፣ ሥጋ ወደሙ ሲወጣ ዳር። ብርታት የሚያስፈልገን በዚያ ዕድሜ ነው እኮ! ልጅ የምናሳድገው፣ ገንዘብ የሚፈትነን፣ ጓደኛ የሚጎትተን ያኔ ነው። ጌታ «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ የዘላለም ሕይወት አለው» ያለው ጥርሳቸው ላለቀ ብቻ አይደለም። «አልበቃሁም» የምትለው እውነት ነው፣ ማንም አልበቃም። ንስሐ የተሰጠው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የንስሐ አባትህን ፈልጋቸው። በዓል ሲመጣ ቤት መጥተው ጸበል የሚረጩት፣ ሻይ ጠጥተው የሚሄዱት አባት አሉ አይደል? እሳቸውን። ቀጠሮ ያዝ፣ ብቻህን ሂድ፣ ለእኔ የጻፍከውን ንገራቸው፣ ያልጻፍክልኝንም ጨምር። ምን ይሉኝ ይሆን ብለህ አትፍራ፤ ጆሯቸው ብዙ ሰምቷል። የመጀመሪያዎቹ አባት ካልተመቹህ ሌላ አባት ጠይቅ፣ ነውር አይደለም። ቅዳሴ ደግሞ እሑድ ከመጀመሪያው ቁም። ግዕዙ ካልገባህ የአማርኛውን ትርጉም የያዘውን መጽሐፈ ቅዳሴ ይዘህ ተከታተል፤ ስንት ጊዜ «አቤቱ ማረን» እንደምንል ስታይ ትገረማለህ።

የቀረው ባለቤትህ ናት፣ እሱ ደግሞ የማይዘለል ነው። ያገባ ሰው ሲቆርብ ከትዳር ጓደኛው ጋር ነው፤ ንስሐውም፣ ዝግጅቱም፣ ጾሙም አብሮ ነው። ስለዚህ ለእሷ ሳትነግር ወደ ውስጥ የምትገባበት መንገድ የለም። ደግሞስ ለምንድን ነው የደበቅካት? «ሁሉ ሞልቶልን ምን ጎደለህ?» ትለኛለች ብለህ ይሆናል። ወይም የጎደለህ እሷ እንዳይመስላት ፈርተህ። ይህን ፍርሃትህንም ጨምረህ ንገራት፤ «በአንቺ አይደለም፣ በልጃችንም አይደለም፣ እግዚአብሔርን ሳላውቀው እየለመንኩት ኖሬ ነው» በላት። ማን ያውቃል፣ እሷም ማታ ማታ አንተ ስትመረቅን ብቻዋን ቁጭ ብላ ይህንኑ እያሰበች ይሆናል።

ዛሬ ማታ ይሁን፣ ልጅቷ ስትተኛ። ቃል ካጣህ ይህን መልስ ስልክህ ላይ ክፈትና አስነብባት፤ ምን እንዳለችህ ደግሞ ጻፍልኝ።